በይርዳው ጀሶ ስለ መቅናቴ

ለተከበሩ ለአያ ሰውመሆን
የማዶ ሰፈር እድር ዳኛ
ቁሐር ሚካኤል

አያ ሰውመሆን፣ እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎ፣ ከብትዎ፣ ከሁሉ ቀድሞ ታጭዶ የተከመረው ሩዝዎስ እንደምን ሰነበተ? ለጉልበትዎ ብርታት፣ ለዓይንዎ ብርሃን እመኛለሁ፤ በተለይ ዓይንዎ ጀሶ ያልታሰረበትን በሽታ እንደማያይ ባለፈው የእድር ስብሰባ ስላረጋገጥሁ ለእሱ ጠንክሬ እጸልያለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ደኅና መሆኔንም የሰማሁት ከእርስዎ ነው፤ ሐኪሞቹ ሊናገሩት ያልደፈሩትን ቃል እርስዎ በጉባኤ መካከል «ሸዋነሽ ድናለች» ብለው ስለደፈሩልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ይህን ደብዳቤ በሩዝ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ መለጠፌም ምስጋናዬ ከሰው እንዳይሰወር ብዬ ነው።

ሩዙን ሊያስፈጭ መጥቶ ይህን ለሚያነብ እንግዳ ነገሩን ላስረዳ። እኔ ባሌ የሞተብኝ፣ ከልጄ ከትሩፋት ጋር ሩዝ የማመርት ሴት ነኝ። በፋሲካ ሰሞን ከጭንቅላቴ ውስጥ በቀዶ ጥገና እጢ ወጥቶልኛል። ጎረቤቴ ይርዳው ደግሞ በቅርቡ ከይፋግ ገበያ ሞቅ ብሎት ሲመለስ ወረታ ላይ ከባጃጅ ወድቆ እግሩ ተሰብሯል። የሁለታችንም ሩዝ ደርሷል። እድሩ ለይርዳው ደቦ ወጥቶ እንዲያጭድለት ወሰነ፤ እኔ ግን የዳንሁ ስለሆንሁ፣ ማጭዴን ይዤ ለይርዳው እንዳጭድለት ታዘዝሁ። የእኔ ሩዝ ቆሞ እየረገፈ ነው፤ በቅርቡ ደግሞ እንደ ልማዱ አጨዳ አበቃ ተብሎ ከብት ማሳው ላይ ይለቀቃል። ከብት የገባበት ሩዝ እኔንም ልጄንም ዓመቱን አያሻግረንምና ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ እቀናለሁ። ምን ብዬ ልደብቀው! ይርዳው መደብ ላይ ተንጋልሎ፣ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ሲጠየቅ ሳይ ዓይኔ ደም ይለብሳል። እንቁላሉ፣ እርጎው፣ ድፎ ዳቦው ሁሉ ወደዚያ ይጎርፋል። የገባ ሁሉ ጀሶውን ነካ አድርጎ አይዞህ ይለዋል፤ የሰፈር ልጆች በእስክሪብቶ ስማቸውን ጽፈውበታል፤ ተደግፎ ብቅ ሲል ሽማግሌ ሳይቀር ወንበር ይለቅለታል። እኔም እኮ ራሴ ተላጭቶ፣ ስፌቱ ከግንባሬ እስከ ጆሮዬ ይታይ በነበረበት ጊዜ እንዲሁ ነበርሁ፤ እርስዎም ማር ይዘው መጥተው እንባዎን አፍስሰዋል፣ አልረሳሁትም። ፀጉሬ ሲያድግ ጠያቂው ቀረ። ምነው ባላደገ ብዬ በገዛ ፀጉሬ የተናደድሁበት ቀን አለ።

ሁለተኛ፣ ክፉ እጢ አይደለም ተብለሽ የለም ወይ፣ ታዲያ ምን ሆንሁ ትያለሽ ለምትሉኝ ሁሉ መልስ ይሁናችሁ። እውነት ነው፣ ካንሰር አይደለም፤ ወጥቶም አልቋል፤ ተመስገን። ሲወጣ ግን ባዶ እጁን አልሄደም። ጎንበስ ስል መሬቱ ይዞርብኛል፤ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ ሩዝ የሚያጭድበትን ብልሃት ደግሞ እድራችን እስካሁን አላወጣም። እያንቀጠቀጠኝ እንዳልወድቅ የምውጠው ኪኒን ቀኑን ሙሉ ያፈዘኛል፤ ያበጠ ፊቴን አይታችሁ ወዝሽ ተመለሰ ትሉኛላችሁ። ሽታ የሚባል ነገር ጠፍቶብኛል፤ ወጡ እያረረ አጠገቡ የምቀመጠው ንቄው አይደለም። አብሮ አደጌን ሰገንን በእኅቷ ስም ብጠራት፣ ሸዋነሽ ከተማ ታክማ መጥታ ኮራች ተባለ፤ ይኸው እስካሁን አኩርፋኛለች። ስሟ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ሲመለስ ማን አየልኝ? ጀሶ የለበትማ!

ሦስተኛ፣ ሦስተኛውን ረስቼዋለሁ። ዋናው እሱ ነበር። ጠዋት ልብስ ሳጥብ በአፌ ስደጋግመው ነበር፤ ወረቀት ስዘረጋ በረረ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የዳነ ሰው እንዲህ ያደርገዋል። ከመጣልኝ ከታች እጨምረዋለሁ።

እንግዲህ በትሕትና የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ለይርዳው የሚወጣው ደቦ የእሱን ሲጨርስ ድንበሯን ተሻግሮ የእኔንም ይጨድ። ትሩፋት ብቻዋን ከዳር ጀምራለች፤ እሷ አንዱን ጥግ ሳትጨርስ ሌላው ጥግ ይረግፋል። ይህ ከደንቡ ውጭ ነው ከተባለ ግን ለእድሩ አላስቸግርም፤ ይርዳው ጀሶውን ሲያወልቅ ለእኔ እንዲሰጠኝ ጠይቄው በደስታ እሺ ብሎኛል። ደግ ሰው ነው፤ እሱን አልጠላውም፣ የምመኘው ጀሶውን ነው። እንደ ቆብ ራሴ ላይ ደፍቼው ስብሰባ እመጣለሁ፤ ያን ጊዜ ምናልባት ለእኔም ወንበር ይለቀቅልኝ ይሆናል።

ለእድሩ ደንብ ታዛዥ፣ በእርስዎ ቃል የዳነች፣ እንደ ወጉ ጎንበስ ብላ እጅ መንሳት ስለማትችል ቀጥ ብላ ቆማ እጅ የምትነሳዎ፣
ሸዋነሽ

ማስታወሻ፦ ሦስተኛው መጣልኝ። ለቀዶ ጥገናው የሄድሁ ዕለት፣ አትመለስም ብላችሁ የእድሩን ድንኳን አውጥታችሁ ፀሐይ እንዳስመታችሁት፣ እንጨትም እንዳስፈለጣችሁ ልጄ ነግራኛለች፤ ስለ ትጋታችሁ አመሰግናለሁ። ጎረቤታችን እንዳልካቸው በአጨዳ ሰሞን የሞተ ጊዜም ከሰልስቱ ማግሥት እድሩ ሁሉ ነቅሎ ወጥቶ ሩዙን አጭዶ ለሚስቱ ከምሮላታል፤ እኔም ጎንበስ ብዬ አብሬ አጭጃለሁ። ብሞት ኖሮ ይሄኔ የእኔም ሩዝ ለትሩፋት ተከምሮላት ነበር። ስለዚህ አያ ሰውመሆን፣ የምቀናው በይርዳው ብቻ አይደለም፤ በሞተችው ሸዋነሽም እቀናለሁ።