ለይመር የሰገደችው ጎረቤቴ

ጥቅምት 8
ብርድ ገባ። የበረንዳውን አበባ ወደ ውስጥ አስገባሁ። ባሌን ቁርስ አበላሁትና እንደ ልማዴ ፈተና... "እኔ ማነኝ? በል እስቲ ንገረኝ። የሚስትህ ስም ማነው?" መስኮት መስኮቱን ያያል። ይመር እኮ ነው! ዕድሜውን ሙሉ ታክሲ ነድቶ ቶሮንቶን ያለ ካርታ የሚያውቅ ሰው፣ ስመኝ የምትባል አንዲት ሴት ጠፋችበት። ተናደድኩ። በታመመ ሰው ይናደዷል? እኔ ግን ተናደድኩ።

ጥቅምት 10
ናኦሚ ከሥራ ስትወጣ ብቅ አለች። "ማሚ፣ ዳዲ እኮ አሁን የለም። አክሰፕት አድርጊው።" ልጄ ክፉ አይደለችም፤ አባቷ ናፍቋት ነው። ግን የለም ማለት ምን ማለት ነው? ሶፋው ላይ ተቀምጦ!... ወይስ እውነቷን ይሆን? ይህንን ነው የምፈራው።

ጥቅምት 13
የዛሬውስ ጉድ ነው። ፊት ለፊታችን ያለችው ህንዳዊት ሱሺላ፣ ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ፣ የምስር ሾርባ ይዛ መጣች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ይመር ፊት መዳፎቿን ገጥማ ዝቅ ብላ እጅ ነሳችው። ዘልዬ ክንዷን ያዝኩ። "ኧረ በስመአብ! ለሰው አይሰገድም!" በአማርኛ! ምን ትስማ? ስንጓተት ጠረጴዛውን ገፋነው፤ ሾርባው ምንጣፉ ላይ።
ይመር ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ...

ጥቅምት 14
ኀፍረቱ አላስቀምጥ አለኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። አልተቀየመችም። "የሰገድኩት በውስጡ ላለው ነው" አለች። ብራህማን የሚሉት አለ፤ ዓለሙን ሁሉ የሞላ መንፈስ። በሰው ውስጥ ሲሆን አትማን ይሉታል። በኔም፣ በእሷም፣ በይመርም ያለው ያው አንዱ ነው።
"አእምሮ ይረሳል፣ ስመኝ። ሲረሳ ከውስጥ ሆኖ የሚያየው ግን አይረሳም። እሱ ንጹሕ ንቃት ነው። አይታመምም።"
ፈጣሪና ፍጡር አንድ? ይሄስ አልተዋጠልኝም። "አይታመምም" ያለችው ግን... ሲመላለስብኝ ዋለ።

ጥቅምት 17
ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር።
"የእነሱ ትምህርት የእነሱ ነው፣ የእኛም የእኛ" አሉ። ደግሞም፦ "ግን ልጄ፣ እግዚአብሔር እፍ ያለበት እስትንፋስ ከይመር ወጥቷል ያለሽ ማነው?"
እዚያው ስልኩ ላይ አለቀስኩ።

ጥቅምት 18
ፈተናው ቀረ። ምንም አልጠየቅኩትም። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ፊቱ ፈታ አለ። ለካ በየጠዋቱ አስጨንቀው ነበር!

ጥቅምት 23
ናኦሚ አባቷን ስትጠብቅልኝ ገበያ ሄጄ ተመለስኩ። "እንደምን ዋልክ፣ ይመር?" አልኩና ጎንበስ አልኩለት። ስሜን እንዲጠራልኝ አልጠበቅኩም። እንደ ትልቅ ሰው፣ በክብር።
የሶፋውን መደገፊያ ያዘ። ብድግ ሊል! ጉልበቱ እምቢ አለው፤ እንደምንም ግማሽ ድረስ ተነሥቶ፦
"ኖር!" አለኝ።
"በእግዜር! በእግዜር!" አልኩት።
"ማሚ፣ ምን አለሽ?"
"አከበረኝ። ሰው ሲገባ ይነሣል፣ ኖር ይባላል።"
ማን መሆኔን አላወቀም። ሰው መግባቱን ግን አወቀ። ናኦሚ ተነሥታ ወደ ኮሪደሩ ወጣች፣ በሩን ዘጋች። ከፋት ብዬ ልከተላት ስል... አንኳኳች። ከፈትኩላት። አባቷ ፊት ሄዳ ጎንበስ አለች።
እንደገና መደገፊያውን ያዘ።
"ኖር!"
"በእግዜር፣ ዳዲ" አለች።