ሦስቱ ኮቶች

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ከስፌት መኪናዬ ጋር ደህና ነኝ።

ልጅህ በቴያትር ቤታችን መሪ ተዋናይ ሆኗል። የሚጫወተው ጎረምሳ መጀመሪያ ላይ ሳቂታ ነው፤ እያደር ወንድሙን ይጠረጥራል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ በመጨረሻም በገዛ እጁ ገድሎት ይሞታል። እኔም ጎረምሳው እየከሳ እንዲመስል ብዬ አንድ ዓይነት ኮት በሦስት ልክ ሰፋሁ፤ የመጀመሪያው ልክክ የሚል፣ የመጨረሻው የሚንጠለጠል። ተመልካቹ ጉድ አለ፤ እኔም ባለሙያ ተብዬ ስኮራ ከረምኩ።

ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያውን ኮት ሳለብሰው እንደ መጨረሻው ተንጠለጠለበት። «አክስቴ፣ ኮቶቹን አቀያየርሻቸው እኮ» ብሎ ሳቀ። እኔ ከንቱ አብሬው ሳቅሁ። ከዚያ ዓይኑን ማየት አፍሬ ኮቱን ሁለት ጣት አጠበብኩት። ትናንት ደግሞ አንድ ጣት ጨምሬ አጠበብኩት።

«ለአባቴ ስትጽፊ ሰላምታዬን ብቻ አድርሺ» ብሎኛል፤ ይኸው አደረስኩ።

ሙሉ ልብስ እንድትገዛለት ልኩን ላኪልኝ ብለህ ነበር። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የምሰፋለት እኔ ነኝ፤ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ማስፈር ግን አሳፈረኝ። መጥተህ ራስህ ለካው።

ለመገናኘት ያብቃን፤ ብቻ ቶሎ ያብቃን።

ልብስ ሰፊዋ እኅትህ