የሠፈሬ ባንክ «ውጭ አገር» የሆነበት ክረምት

ጃንዋሪ 8
ባንክ ቤት። በረዶ ላይ ድንጋይ የምናንሸራትትበትን የከርሊንግ ክለባችንን የፈራሚዎች ወረቀት ለማደስ። ገንዘብ ያዧ እኔ ነኝ። ሠራተኛዋ ፓስፖርቴን ገለጠች፣ አነበበች፣ ቀና አለች።
«የትውልድ ቦታ... ዲትሮይት?»
«እናቴ ምጥ ሲይዛት ከወንዙ ማዶ፣ አሜሪካ፣ ዕቃ ልትገዛ ሄዳ ነበር» አልኳት። እዚህ ካናዳ፣ ዊንዘር ውስጥ እንዲህ ያለ ታሪክ የሌለው ቤት የለም። ሁለታችንም ሳቅን።
እሷ ቀድማ አቆመች። «እንግዲያው አሜሪካዊም ነሽ። ሂሳቦችሽን ለእነሱ ግብር መሥሪያ ቤት አሳውቀሻል?»
የምን ሂሳብ? የምን ማሳወቅ?

ጃንዋሪ 10
የግብር አማካሪዋ ወይዘሮ ሃዳድ ዘንድ ሄድኩ። ከቤቴ ሁለት መንገድ አልፎ ያለው ባንክ ለአሜሪካ «ውጭ አገር» ነው አለችኝ። እዚያ ያለኝ ሁሉ ተደምሮ ከአሥር ሺህ ዶላራቸው ካለፈ በየዓመቱ ማሳወቅ ነበረብኝ። የክለቡም ጭምር! ገንዘቡ የኔ ባይሆንም ፊርማዬ አለበታ።
ሁለት ዲግሪ አለኝ። ይህን ግን ማንም አልነገረኝም።
«ቅጣቱስ?»
«ሳታውቂ የቀረ ነገር ነው። ሳይደርሱብሽ ራስሽ ከተናገርሽ ያለ ቅጣት የሚታለፍበት መንገድ አለ። ዛሬ ግን አወቅሽ። አውቀሽ ዝም ካልሽ የሂሳቡን ግማሽ ሊያስከፍሉሽ ይችላሉ።»
ክለቡ ለሜዳው በረዶ ማቀዝቀዣ ማሽን ያጠራቀመውን ግማሽ... ከኔ ኪስ!

ጃንዋሪ 13
ለሊቀመንበራችን ለግሌን ነገርኩት።
«ዝም በይ፣ የኔ ልጅ። ማን ያውቃል? ያለፉትን ቃለ ጉባኤዎች እናስተካክላለን። ገንዘብ ያዧ ዶሪስ ነበረች እንላለን።»
ዶሪስ ሚስቱ ናት።
«እሷስ ታውቃለች?»
«ዶሪስ ሰው አታስቸግርም።»
አንቺ ታስቸግሪያለሽ ማለቱ ነው።
ይህ ሰው እኮ ባለፈው ሳምንት ከሚንሸራተተው ድንጋይ ፊት በረዶውን ሲጠርግ መጥረጊያው የራሱን ድንጋይ ነካበት፤ ይህ ጥፋት ነው። ማንም አላየም። እጁን አውጥቶ «ነክቻለሁ» አለ፤ ጨዋታውንም ተሸነፈ። በእኛ ጨዋታ ዳኛ አይጠበቅም፣ የነካ ራሱ ይናገራል። በልጅነቴ ያስተማረኝ እሱ ነው! በረዶው ላይ እንዲያ ሐቀኛ የሆነ ሰው ወረቀት ላይ ሲደርስ ምን ይሆናል?

ጃንዋሪ 14
አላደርገውም።

ጃንዋሪ 17
አባዬ ደወለ። ወሬው ደርሶታል።
«እናትሽ ሁለት ሰዓት ብትታገስ ኖሮ...»
«ምጥ ነው እኮ አባዬ፣ አውቶቡስ አይደለም።»
ሳቀ። «ግሌን ክፉ ሰው አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። ይሁን። እኔስ ክፉ ነኝ ወይ?

ጃንዋሪ 24
ጠቅላላ ስብሰባ። ግሌን ተነሣ። ማዶ የተወለደ አባል ከእንግዲህ ለክለቡ አይፈርምም የሚል ሐሳብ አቀረበ። «በግል ማንንም ለመንካት አይደለም» አለ፣ እኔን ሳያይ።
ተነሣሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው... ረስቼ ሳይሆን ሳላውቅ መቅረቴን፣ ራሴ ላሳውቅ መወሰኔን፣ ግሌን ቃለ ጉባኤ እንቀይር ማለቱንም።
«እዚህ ውስጥ ማዶ የተወለደ ማን ነው?» አልኩ።
አንድ እጅ ወጣ። ሌላ። ከኋላ ሦስት። ከዚያ ከግሌን አጠገብ... ዶሪስ!
«አንቺ ደግሞ ምን ሆነሻል?» አላት።
«እዚያ ነዋ የተወለድኩት። አርባ ዓመት አብረን ስንኖር ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»
ሰው በሳቅ ፈረሰ። እሱ ቀላ። ሐሳቡ ለድምፅ ሳይቀርብ ቀረ። እኔ ግን አልሳቅሁም። በቃለ ጉባኤው እኔን አድናለሁ ብሎ እሷን እዚሁ ጣጣ ውስጥ ሊያስገባት ነበር፤ ሳይጠይቃት!

ፌብሩዋሪ 6
ወረቀቶቹን ለአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት ላክሁ። የሚጠይቁትን የስድስት ዓመት ሂሳብ፣ የራሴም የክለቡም። ሳላውቅ መቅረቱን በራሴ ቃል ጽፌ ፈረምኩ። ወይዘሮ ሃዳድ አነበበችና «አንድ ቃል አልነካም» አለች። ኮራሁ። በጣም ኮራሁ! መልሳቸው ምን ይሆን? ይምጣና እናያለን።
ዶሪስ የአማካሪዋን ስልክ ወሰደች። ግሌን ሰላም አይለኝም። ገንዘብ ያዥነቴን ግን ማንም አልነካብኝም፤ ነገ ወጪ የምፈርመው እኔ ነኝ።
እናቴ የወለደችበት አልጋ ከወንዙ በየትኛው በኩል እንደነበር እየጠቀሰ እንደ ጥፋተኛ የሚያየኝን ከእንግዲህ አልታገስም። ስሜን ለኔ ብሎ ከመዝገብ የሚፍቅልኝንም ሰው ውለታ አልቀበልም።