የፊያትህ ክላክስ አሁንም ይጠራናል

የኔ ዓለም ሰይዴ፣ ባለህበት ሰላም ላንተ ይሁን።

በፊያት የጭነት መኪናህ የጦሩን ስንቅ ጭነህ ከደጃችን ተነስተህ ወደ ጅጅጋ ከወረድክ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ። ቤቱ ያው ነው፤ በጓዳ በኩል ብቻ ማፍሰስ ጀምሯል። ብትኖር ቆርቆሮውን እየረገምክ ትጠግነው ነበር። ባለሱቁ ሸምሱ አገባልህ! ያ «ሚስትና ስኳር ሲፈለጉ አይገኙም» እያለ የሚያስቀን ሰው፣ አሁን ሚስቱ ሱቁን ተረክባ እሱን ጆንያ ታሸክመዋለች። ሰፈሩ በሙሉ ሳቀ። እኔም ስቄ ስቄ ላንተ ልነግርህ ዞር አልኩ።

ጅጅጋ ከሶማሊያ ጦር እጅ ተመለሰች የተባለ ዕለት ቀበሌው ሁላችንንም ሰልፍ አስወጣን። የኔን እልልታ ብትሰማው! ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች «አንቺ፣ ለባልሽ መምጫ ትንሽ ድምፅ አስተርፊ እንጂ» ብላ ጎሸመችኝ። እኔ እኮ ጦርነቱ አለቀ፣ ሰይዴ መጣ ብዬ ነው። ለካ ያኔ አንተ አፈር ለብሰሃል።

ከዚያ ክላክስህ ተሰማ። ያ ራስህ ከአሰብ አምጥተህ ያስገጠምከው፣ የቃሊቲን ኬላ ስታልፍ ሁለት አጭር አንድ ረጅም የምትነፋው። እንደ ልማዴ የእግርህን ውሃ ጣድኩ። ልጃችን ከድጃ በባዶ እግሯ አስፋልቱ ድረስ ሮጠች። ከፊያቷ የወረደው ግን ጓደኛህ ሁሴን ነው፤ ከኋላው ሁለት ሽማግሌዎች። ሳይናገሩ ገባኝ። ሰይዴ፣ መርዶ ይዞ የመጣ ሰው ክላክስ ይነፋል? በኋላ ስጠይቀው «ሰይድ አንድ ቀን ሳይነፋ ወደዚህ ቤት ገብቶ አያውቅም። መኪናውን ዲዳ አድርጌ ደጁ ላይ ማቆም ነውር መሰለኝ» አለኝ።

የሞትከው ጥይቱ ጸጥ ካለ በኋላ ነው አለኝ። ኮንቮዩ ሲቆም እንደ ልማድህ ጎማውን በብረት እየመታህ ልትፈትሽ ወርደህ፣ ከመንገዱ ዳር ፈንጂ ረገጥክ። እዚያው ቀበሩህ። ፊያቷ ጎኗ ተበሳስቶ ተረፈች፤ እንዲነዳትም ለሁሴን ሰጡት።

ሁሴን ባለፈ ባገደመ ቁጥር ይነፋል፤ ለሰላምታ ነው፣ ለክብርህ። እኔ የባል ሐዘን ወራቴን፣ ዒዳዬን፣ የተቀመጥኩ ሴት፣ በሰማሁት ቁጥር ብድግ ብዬ ውሃ እጥዳለሁ። ከድጃ «አባዬ!» ብላ ትወጣለች። አንድ ቀን አውቶቡስ ሊደፈጥጣት ለጥቂት ሳታት። ሾፌሩ ወርዶ «ልጅሽን አትይዢም ወይ!» ብሎ ጮኸብኝ።

በማግስቱ ሁሴንን ክላክሱን ንቀለው አልኩት። አልቅሶ ነቀለው፤ በሽርጥ ጠቅልሎ አመጣልኝ። አልጋው ሥር አስቀመጥኩት። ከድጃንም ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ አባትሽ ሞቷል፣ እዚያው ጅጅጋ ተቀብሯል፣ ከእንግዲህ ክላክስ ብትሰሚ አትሩጪ አልኳት። የገባት መሰለኝ።

ባለፈው ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ ዐስር ሰግደን ምስር ስንለቅም፣ ድምፁ ከኬላው በኩል መጣ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ፊያቷ አሰብ ወርዳለች፤ ክላክሱ እንደተጠቀለለ አልጋው ሥር ነው። ብቻዬን ብሆን የራሴ ጆሮ ነው ብዬ በተውኩት። ከድጃም ግን ቀና አለች። አልሮጠችም። ወደኔ ዞራ «እማዬ፣ አባዬ ከሞተ፣ ጋሼ ሁሴንም ካልነፋው፣ ማን ነው የሚጠራን?» አለችኝ።

እጇን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ።

ሰይዴ፣ የምትጠራን አንተ ከሆንክ አትቀየመን። በሩን አልከፍትልህም፤ ልጅህ ከአስፋልቱ ወዲህ፣ ከእኔ ጋር ትደግ። በጠራኸን ቁጥር ግን ካለንበት ሆነን ስምህን እንጠራለን፤ እሷ «አባዬ»፣ እኔ «ሰይዴ»። እኛ እስካለን ድረስ ጥሪህ ያለ አቤት አይቀርም።