በኦሞ ዳር የቀረው ካስማ

ማትዬ፣

አንተ ከሄድክ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። የመጀመሪያው እንዴት እንዳለፈ አላስታውስም። የዘንድሮውን ግን ዝናቡን ሁሉ ቁጭ ብድግ እያልኩ ሰምቼዋለሁ። ምን እንደምጠብቅ ሳላውቅ ስጠብቅ ከረምኩ።

አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ከሳሎኑ መስኮት ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት ተመልሼ ወደ መስኮቱ። ልጃችን ቤዛ፣ ምንጣፉ እኮ መሃሉ ላይ ሳሳ እያለች ትስቅብኛለች። አንተ ኦሞ ወንዝ ዳር ለቱሪስት እንግዶቻችን ድንኳን የምንተክልበትን ቦታ ስትመርጥ፣ ጉማሬ በወጣበት መንገድ ነው የሚመለሰው፣ እሱ መንገዱን አይለውጥም፣ ዞር ማለት ያለብን እኛ ነን ትል አልነበር? ይኸው እኔም ሰሚት ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የጉማሬ መንገድ አወጣሁ። ሲብስብኝ ወደ ላምበረት መናኸሪያ እሄዳለሁ። የእኛ መንገድ በዚያ እንዳልሆነ መቼ ጠፋኝ፤ ግን ደሴ፣ ኮምቦልቻ እያሉ ሲጣሩ ቆሜ መስማት፣ ሻንጣ የያዘ ሰው ማየት ትንሽ ያሳርፈኛል። በቀደም አንዱ ረዳት፣ ማዘር ወዴት ነሽ አለኝ። የትም አልኩት። ወደ የትም የሚሄድ መኪና የለንም ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ መገናኛ ድረስ በእግሬ መጣሁ።

ሰፈሩን ብታየው አታውቀውም። መንገድ ዳር የነበሩት ሱቆች ተነስተው የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል። ያ አንተ ጎማ እያስነፋህ ወሬ የምትጠርቀው ጎሚስታ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። ቤዛ ቦሌ ካሉት ፎቆች በአንዱ ሥራ ይዛለች፤ ስትቆጣ ቅንድቧ እንዳንተው አንዱ ብቻ ነው የሚነሳው። የሥራ መኪናችን ላንድክሩዘሯ ግቢ ውስጥ ቆማለች። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ባትሪዋ እንዳይሞት አስነሳትና ሞተሩን እየሰማሁ እቀመጣለሁ። ጎረቤት መኪና እየተማርኩ ይመስለዋል።

ድንኳኖቹ ናቸው ያስቸገሩኝ። መስከረም ሲጠባ ከሲኤምሲ ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ወስደህ ታናፍሳቸው ነበር። ያ ሜዳ አሁን ፎቅ ሆኗል። ሁለት ዓመት ተጠቅልለው ቤዛ ክፍል ጥግ ተቀምጠው፣ በዚህ ክረምት ሻጋታ ሻጋታ መሽተት ጀመሩ። ቤዛም፣ ማሚ በናትሽ ሽጫቸው፣ ሙቭ ኦን አድርጊ አለችኝ። ለእኔው አስባ ነው፤ ስንከራተት ታያለች። ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ለልደትና ለፎቶ ድንኳን የሚያከራይ ሰውም ራሷ ፈልጋ አመጣች። በዚያው ሳምንት ደግሞ እነዚያ በየዓመቱ የሚመጡት ጀርመኖች፣ ሽማግሌውና ሚስቱ፣ ጻፉልኝ። ማቴዎስ እንደሌለ እናውቃለን፣ ኅዳር ላይ ወንዙን አንድ ጊዜ ማየት እንፈልጋለን፣ አንቺ ትወስጂናለሽ ወይ ይላሉ። አልመለስኩላቸውም። ልሽጥ ወይስ ልሂድ፣ ክረምቱን ሙሉ ምንጣፉን ያሳሳሁት በዚህ ነው።

ኦሞ ዳር አንተ ቦታ መራጭ፣ እኔ አብሳይ ነበርኩ። የወንዙ ውሃ ቡና በወተት መስሎ፣ ያ ትልቁ ዋርካ ላያችን ላይ ተዘርግቶ፣ ቅርንጫፉ ላይ ለእንግዶች መታጠቢያ ያሰርከው ባልዲ ሲንጠባጠብ። እኔ በብረት ድስት ፍም ውስጥ ዳቦ ስጋግር ጦጣዎቹ ተደርድረው ይጠብቃሉ፤ አንዷ ከነትኩሱ መንትፋ እጇ ሲቃጠል ወደ ሌላኛው እጇ እያገላበጠች የወጣችበት ቀን፣ አንተ ስቀህ ስቀህ መሬት ተቀመጥክ። እንግዶቹ አንበሳ ትተው አንተን ፎቶ አነሱ። ከተጋባን በኋላ መጀመሪያ የወሰድከኝም እዚያው ነው። ሊነጋጋ ሲል ከውሃው ውስጥ የሚያጉተመትም ነገር ሰምቼ ያንተ ማንኮራፋት መስሎኝ በክርኔ ጎሰምኩህ። ጉማሬ እያንኮራፋ እኔን ትጎስሚኛለሽ ብለህ ዓመት ሙሉ አወራህብኝ። ሁልጊዜ የምትተኛው በወንዙ በኩል ነበር፣ እኔ በዛፉ በኩል። ለምን ብዬ ጠይቄህ አላውቅም፤ ይገባኝ ነበር። ከአዞና ከጉማሬ የተረፈ ሰው፣ ሰሚት ላይ የገዛ አልጋው ጫፍ ተቀምጦ የጫማውን ክር ሲያስር ይሄዳል ብሎ ማን ያስባል?

ካስማውን ታስታውሳለህ? ካምፕ ስናነሳ የመጨረሻዋን ካስማ አትነቅልም ነበር። መሬት ውስጥ ትተዋትና፣ እንመለሳለን፣ ቦታ ይዛልን ትቆይ ትላለህ። ስንመለስ ቅጠሉን በእግርህ ገለጥ ገለጥ አድርገህ ታገኛታለህ። ውሃ የወሰዳትም አለች፤ ያኔ አጉል እምነት ነው፣ አማኝ ሰው እንዲህ አያደርግም እያልኩ እነዘንዝህ ነበር። አንተም እምነት ሳይሆን ቀጠሮ ነው ትለኝ ነበር።

ያ የቢሾፍቱው ሰውዬ ቅዳሜ መጥቶ ድንኳኖቹን ሊያያቸው ሆነ። እኔም ሽታው እንዲለቅ ማለዳ ትልቁን ድንኳን አወረድኩና ግቢው ውስጥ፣ መኪናዋ አጠገብ ተከልኩት። ለካ እጄ አልረሳም። ገመዶቹን ወጥሬ ወጥሬ መጨረሻው ላይ ስደርስ ካስማ ጎደለኝ። የት እንዳለች አወቅሁ። ገመዱን ከላንድክሩዘሯ ጎማ ጋር አሰርኩት።

ከላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ግን ምን ያውቃል? ግቢ ውስጥ ድንኳን ከተተከለ ሰርግ ነው ወይ ለቅሶ ነው፤ ሰርግ ደግሞ አልተጠራም። ሻይ ልጠጣ ወጥቼ ስመለስ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ የፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው ይመጣሉ። እትዬ ዘይነባ፣ መገናኛ ሱቅ ያላቸው ጎረቤታችን፣ ሱቃቸውን ዘግተው በፔርሙዝ ሻይ ይዘው ደርሰዋል። ማን ነው ልጄ ብለው ትከሻዬን ያዙኝ። ማንም አይደለም፣ ድንኳን እያናፈስኩ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ማቲ ነው አልኩ።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። እትዬ ዘይነባ ብቻ ነገሩ ገባቸው መሰለኝ፣ እሱንማ ደግመን ብንቀመጥለት ምን አለበት ብለው ገቡና ተቀመጡ። ሌላውም ተከተላቸው። ማትዬ፣ የዚያን ጊዜ ለቅሶህ ላይ እኔ ካምፕ ሳስተዳድር ነው የዋልኩት። ሻይ ደረሰው ወይ፣ ገመዱ ላልቷል፣ ለእነእገሌ ወንበር አምጡ እያልኩ። እንግዳ ማስተናገድ ለምዶብኝ አንተን ሳላለቅስ ሸኘሁህ። ቅዳሜ ግን ሻይ የሚቀዱት ሌሎች ነበሩ። የሸራው ሽታ፣ የጭሱ፣ የወንዙ፣ ያንተ፣ ከሻጋታው ሥር ሁሉም አለ። መሬቱ ላይ ተቀምጬ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ። ቤዛ ከላይ ሮጣ ወረደችና ጭኔ ላይ ተደፋች።

ያ ገዢ የመጣው በዚህ መሃል ነው። በሩ ላይ ቆመ፣ ሰዉን አየ፣ ኮፍያውን አወለቀና ጥግ ተቀመጠ። ሻይ ሰጡት፣ ጠጣ። ለቅሶ ቤት ገብቶ ስለ ዋጋ የሚያወራ ማን አለ? ጥቂት ከቆየ በኋላ እግዚአብሔር ያጽናችሁ ብሎ ጎንበስ ጎንበስ እያለ ወጣ። ድንኳኑን በእጁ እንኳን አልነካውም። ኋላ ላይ፣ ነፍስ ይማር፣ ስለ ዕቃው ሲረጋጉ እንነጋገራለን የሚል መልእክት ላከልኝ። አመሰግናለሁ፣ አልሸጥም ብዬ መለስኩለት። ጀርመኖቹንም ኑ አልኳቸው።

ቤዛ፣ ማሚ አር ዩ ሲሪየስ ብላ ቅንድቧን አንሥታ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሦስተኛው ፈቃድ ጠይቃ መጣች፤ እስከ ጂንካ እኔ ነኝ የምነዳው ትላለች። ትናንት ካስማ ልገዛ መገናኛ ሄጄ ባለሱቁ፣ የሰርግ ነው የለቅሶ አለኝ። የመንገድ ነው አልኩት።

አልዋሽህም፣ እፈራለሁ። ቦታ የሚመርጥልኝ የለም። የጉማሬውን ዱካ ራሴ ነኝ የማየው፤ በወንዙ በኩልም የምተኛው እኔ ነኝ፣ ቤዛ በዛፉ በኩል። ከዋርካው ሥር ቅጠሉን በእግሬ ገለጥ ገለጥ አድርጌ ካስማህን እፈልጋታለሁ። ካገኘኋት ገመድ አስርባታለሁ። ስንመለስ አልነቅላትም፤ አጠገቧ የእኔን ትቼ እመጣለሁ።

ያንተዋ ሰናይት