የማይነቀነቅ ብልቃጥ

የካቲት 3፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ዛሬም እምቢ አለ። አምስተኛ ሙከራዬ ነው። ከእህቴ ከሐዋ ሽንት ያወጣሁትን ባክቴሪያና የዳቦ እርሾ መስታወት ላይ አደባለቅሁ፤ እንደ አጓት ቀጥኖ ቀረ። መጓጎል ነበረበት። መጽሐፉ እንደሚለው ባክቴሪያው ገላው ላይ ፀጉር መሳይ ነገር አለው፤ ጫፉ ላይ ያለው ፕሮቲን ማኖስ የሚባል ስኳር ይጨብጣል። የሽንት ፊኛችን ማኖስ አለው፣ እርሾም አለው። ታዲያ ምነው አይጨብጥ? ደብተሬ፣ አንቺስ ምን ታውቂያለሽ።

ማታ 1 ሰዓት

እህቴ ሐዋ ከጂዳ ከመጣች ሽንት ሲያቃጥላት ይህ አራተኛዋ ነው። በመድኃኒት ይሻላታል፣ ይመለሳል። የእጮኛዋ እናት ወ/ሮ ዘይነባ ከዐረብ አገር ያመጣችው ነው ብለው አስወሩ። ከደሴ የጤና ወረቀት ካላመጣች ኒካሁ፣ ጋብቻው፣ ይቀራል አሉ። ከገዛ አንጀቷ የመጣ ተራ ባክቴሪያ ነው ብል፣ በዓይኔ ያላየሁትን አላምንም አሉ። እሺ፣ ፊኛዋን እንዴት እንደሚጨብጥ በእርሾ አሳያቸዋለሁ።

የካቲት 5፣ ሐሙስ

መብራት የለም። ባክቴሪያውን የማሳድግበትን ብልቃጥ በጋቢ ጠቅልዬ ሙቅ ውሃ የያዘ ጀሪካን አስደገፍኩት። በየሰዓቱ እነቀንቀዋለሁ፤ ኮሌጅ ያስተማሩን እንዲያ ነው። የምሠራበት የጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ጽዳት ሠራተኛ እትዬ ከድጃ ቆመው አዩኝ።

«ልጄ፣ እየነቀነቅሽው ነው ወተት የሚረጋልሽ?»

ተናደድኩ። ወተት አይደለም አልኳቸው። ከሄዱ በኋላ መጽሐፉን ገለጥኩ። ገጹ ግርጌ አንድ መስመር፦ ፀጉሩ እንዲበቅል ሳይነካ ሁለት ቀን ይቀመጥ። ስንቴ አንብቤ አልፌዋለሁ! ደንቆሮ።

የካቲት 7፣ ቅዳሜ

ጓጎለ! ደቂቃ አልፈጀም። የሻይ ስኳር ጨመርኩ፤ ምንም። ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ የላከችልኝን ማኖስ ሌላው መስታወት ላይ ጠብ ሳደርግ ተፈታ። የባክቴሪያው እጅ በማኖሱ ሲሞላ እርሾውን ለቀቀ ማለት ነው።

ሐዋን ጠራኋት። የጓጎለውንም የተፈታውንም መስታወት አየች። አስረዳኋት። አሁኑኑ ለወ/ሮ ዘይነባ እንውሰድላቸው አልኩ። መስታወቶቹን ወደ እኔ መለሰችና፣

«እኔም እኮ አምኛቸው ነበር።»

ከመጣች ስምንት ወር! ከአንድ ገበታ እየበላን፣ ራሷን እንደ ቆሻሻ ስትቆጥር። እኔ የሰው እናት ለማሳመን ስባዝን። አፈርኩ።

የካቲት 8፣ እሑድ

የእጮኛዋ ቤት ሽማግሌዎች ነገ ከወ/ሮ ዘይነባ ጋር ይመጣሉ። ሐዋ ወረቀት አላመጣም፣ አንቺም መስታወት እንዳታሳዪ አለችኝ። መልሱን የምትሰጠው ራሷ ናት። ምን እንደምትል አልነገረችኝም። መድኃኒቷን ግን ሳላስታውሳት ዋጠች።

መስታወቶቹን አጠብኩ። ነገ አጠገቧ እቀመጣለሁ፣ አፌን ዘግቼ። ለእኔ ከባድ ነው፤ ግን ወ/ሮ ዘይነባ አንዲት ቃል ቢናገሩ እንኳ፣ እንደ ብልቃጡ አልነቃነቅም።