ሾርባው ደረሰላት፣ እውነቷስ?

አይ፣ እኔ በሰው ጉዳይ ጥልቅ አላልኩም። ማን ጠየቀሽ ትዪኝ ይሆናል፤ ሳልጠየቅ መመለስ አመሌ መሆኑን ታውቂያለሽ። ወሬው ከኔ ቀድሞ ጆሮሽ እንዳይገባ ብዬ ነው። ለሰላምታውማ፣ እንደምን አለሽልኝ ልጄ፣ የሆዴ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ባልሽስ ደህና ነው? ልጆቹስ? ትንሿ ጥርስ አወጣች? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም አርጅቶ ነው እንጂ ከኔ ጋር ጠብ የለውም።

ልብስ ማጠቢያው ቤት ከኔ ፊት ለፊት ቆማ አንሶላ የምትተኩሰዋን ታስታውሻታለሽ፣ ባሏ የሞተባትን፣ ቀጭኗ የምንላትን? ቀኝ እጇን ማሽኑ በላው። እኔ አንሶላ እያጠፍኩ ነበር፣ በዓይኔ ነው ያየሁት። ሐኪሞቹ ከአንጓዋ ቆረጡት።

ማሽኑ እንዲህ ነው። ሁለት ቁልፍ አለው፤ ሁለቱን በሁለት እጅ ካልተጫኑት የጋለው ብረት አይወርድም። እጅ ከስር እንዳይቀር ብለው ነው የሠሩት። አለቃችን ግን ሥራ ይፍጠን ብሎ አንደኛውን ቁልፍ እንደተጫነ በፕላስተር አሳሰረው። ስለዚህ በአንድ እጇ ትጫናለች፣ በሌላው አንሶላውን ታቃናለች። አደጋው የደረሰ ዕለት ማንም እንዳያየው ፕላስተሩ ቶሎ ተላጠ። አለቃችንም ሳታስተውል ቀርታ ነው አለ። በቃ፣ ካሳም የለ፣ ሥራም የለ።

እኛ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ተራ ገብተን ሾርባና ዳቦ እናደርስላታለን። ድሃ መርዳቱንማ እናውቅበታለን፤ ድስታችንም ትልቅ ነው። አንድ እሁድ እቤቷ ተሰብስበን ስንጸልይ ታዲያ አንዷ ዓይኗን ጭፍን አድርጋ "ጌታ ሆይ፣ ለእህታችን ማስተዋልን ስጣት" ብላ እርፍ። ከልማድ የተነሳ ሁላችንም አሜን አልን። ቀጭኗ ማንኪያዋን በግራ እጇ እንደያዘች ቀና አለች።

"ስለ ሾርባው እግዜር ይስጥልኝ" አለች። "ግን አንዳችሁም ጥፋቱ ያንቺ አይደለም አላላችሁኝም።"

ቄሳችን ጋ ሄጄ ስለ ቁልፉ ነገርኳቸው። የእምነት ወንድምን መክሰስ ደግ አይደለም፣ በፍቅር እንርዳት አሉኝ። እሳቸው መልካም ሰው ናቸው፤ ግን የጣሪያውን ቆርቆሮ የሰጠው አለቃችን ነው። "አባ፣ የተራበችውን አበላን፤ የተበደለችውን ምን አደረግናት?" አልኳቸው። ጢማቸውን ነካኩ።

ስለዚህ ቀጭኗ አለቃችንን ስትከሰው ዳኛ ፊት ቆሜ ቁልፉ ታስሮ ነበር አልኩ። የአለቃችን ጠበቃ፣ ጎረምሳ ነው፣ መነጽርሽ ምነው እንዲህ ወፈረ ብሎ ሊያላግጥብኝ ሞከረ። ያንተን ውሸት ሳይቀር ያሳየኛል ስለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ዳኛው ግን ማን ነው ያሰረው ሲሉኝ፣ ይቺ ስንቱን ያስመረረች ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀች። ያሰረው ወንድምሽ ነዋ። እዚያ ሹፌርም ጠጋኝም እሱ አይደል? አለቃው እሰረው አለው፣ አሰረው። ስሙን ግን አልጠራሁም። ዳኛውም በአንድ አሮጊት ቃል ብቻ አልፈርድም ብለው ለዛሬ ቀጠሩን።

ትናንት ወንድምሽ ጋ ሄድኩ። "ዝም አይነቅዝም እማ። የልጆቼን ጉሮሮ ልትዘጊ ነው?" አለኝ። ፍርሃቱ የውሸት አይደለም። ሥራውን ማጣቱ ሳያንስ አለቃው ጥፋቱን ሁሉ እሱ ላይ ሊደፋው ይችላል። እኔም ስምህን እኔ ከምጠራው አንተው ራስህ ብትጠራው ይሻላል፤ ነገ ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በሩን ራሴ ዘግቼ ወጣሁ። ክርስቲያን መሆን እስከዚህ አይከብደኝም ነበር። ከድስቴ ቀንሼ መስጠት ቀላል ነው፤ ከማህፀኔ ሲሆን ጊዜ ነው ጉዱ።

ሰዓቱ ሳይደርስብኝ ሰላምታዬን ላድርስ። ባልሽን ሰላም በዪልኝ፣ ያን ሲጋራውንም ይተው። አማትሽን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ትልቁን ልጅ ለአያትህ ጻፍ በዪው፣ እጅ አለው አይደል። ትንሿን አንገቷ ስር ሳሚልኝ። ለወንድምሽም ደውዪለት፣ አደራ፣ እንዳትቆጪው ብቻ። ይሄን የጻፍኩት እቤቴ፣ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጬ ነው፤ ሐሙስ ጠዋት፣ ወሩ ሊያልቅ ሲል።

ቆይ፣ በሩ ላይ ሰው ይጣራል።

ወንድምሽ ነው። በመስኮት አየሁት፣ የሠርጉን ኮት ለብሷል። "እማ፣ ቶሎ ነይ፣ ከቆየሁ ሀሳቤን እለውጣለሁ" ይለኛል። አምጣልኝ ብዬ ስጸልይ ነው የሰነበትኩት፤ አሁን መጣልኝና ከወንበሩ መነሳት አቃተኝ። እሱ ሥራውን ካጣ ልጆቹን ምን አበላቸዋለሁ? እንደገና ጠራኝ። መጣሁ ልበለው።